ለርኅራኄ ሲባል የተሞላ መዝገብ፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም የተመረጡት ሦስት ደብዳቤዎች ከሰሜን ሸዋ የተላኩ ናቸው። ጸሐፊዎቹ በሥራም በዕድሜም ቢለያዩም ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ሥራ ትክክል ነው ወይም ስሕተት ነው የምንለው በምን መለኪያ እንደ ሆነ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ጉዳዩን ከሥሩ ስለሚያነሣ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረንና የጸሐፊዎቹን ስም ትተን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የደብረ ብርሃን ነዋሪና የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ከአባሎቻችን መካከል ሱፍ እየፈተሉ የሚተዳደሩ አንዲት እናት አሉ። ባለቤታቸው ታመው ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ ስለ ዋሉ የወሩን መዋጮ መክፈል አቃታቸው። ደንባችን ደግሞ ለተከታታይ ወራት መዋጮ ያላስገባ አባል ሐዘን ቢደርስበት የእድሩን ገንዘብ እንደማያገኝ ይደነግጋል። ባለቤታቸው ባረፉ ዕለት፣ ኮሚቴው መዝገቡን ከማየቱ በፊት፣ ያልተከፈሉትን ወራት እንደ ተከፈሉ አድርጌ ሞላሁ። እድሩ ገንዘቡን ሰጠ፤ ድንኳኑ ተተከለ፤ ቀብሩም በክብር ተፈጸመ። እናቲቱ እድሩ አዝኖላቸው የማራቸው ይመስላቸዋል፤ የሆነውን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። እኔም ለራሴ አንዲት ሳንቲም አልወሰድኩም። ዩኒቨርሲቲ የተማረ የእኅቴ ልጅ አለ፤ ነገሩን የሌላ ሰው ታሪክ አስመስዬ ስነግረው፣ «ጋሼ፣ በአንዱ የሥነ ምግባር ፍልስፍና ሰውየው ይመሰገናል፤ በሌላው ግን ዋሽቷል፣ አደራም በልቷል» አለኝ። አንድ ሥራ በአንድ ጊዜ ትክክልም ስሕተትም እንዴት ይሆናል? እኔስ የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ የጻፉልን ጉዳይ ለሥነ ምግባር ጥናት እጅግ የተመቸ ነው፤ ምክንያቱም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክፉ ያሰበ ሰው የለበትም። ሌብነት ወይም ጭካኔ ቢኖርበት ኖሮ ንድፈ ሐሳቦቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ በፈረዱ ነበር፤ ልዩነታቸውም ባልታየ ነበር። ልዩነታቸው የሚገለጠው እንደዚህ ሁለት በጎ ነገሮች፣ ማለትም ርኅራኄና ታማኝነት፣ በአንድ ሰው እጅ ላይ ሲጋጩ ነው።

የእኅትዎ ልጅ የነገረዎት በመሠረቱ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ እዚያ ላይ ከቆመ ሰውን ግራ ከማጋባት አያልፍም። ንድፈ ሐሳቦቹ የሚለያዩት ከሁሉ አስቀድሞ በሚመለከቱት ነገር ነው። አንዱ ከሥራው የተከተለውን ውጤት ይመለከታል፤ ሌላው ሥራውን ራሱንና የተሠራበትን መርሕ ይመረምራል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሥራው ከምን ዓይነት ሰው እንደ ወጣና ሠሪውን ምን ዓይነት ሰው እያደረገው እንደሚሄድ ይጠይቃል።

ከውጤቱ እንጀምር። በሕግ ትምህርት የሠለጠነው እንግሊዛዊው ጄረሚ ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1789 ለኅትመት ባበቃው መጽሐፉ፣ የአንድ ሥራ ትክክለኛነት የሚለካው ሥራው በሚነካቸው ሰዎች ሁሉ ላይ በሚያመጣው ደስታና ሥቃይ ነው ሲል አስተማረ። ደስታው ወይም ሥቃዩ ምን ያህል የበረታ እንደ ሆነ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ፣ መምጣቱ ምን ያህል እርግጥና ቅርብ እንደ ሆነ፣ ሌላ ደስታ ወይም ሌላ ሥቃይ ይወልድ እንደ ሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚያዳርስም እንድንቆጥር ይፈልጋል። በዚህ ቆጠራ ውስጥ የባለጸጋው ደስታ ከድኻይቱ ደስታ አይበልጥም፤ እያንዳንዱ ሰው የሚቆጠረው እንደ አንድ ሰው ብቻ ነው። በእኔ እምነት የዚህ ትምህርት ትልቁ ክብር ይህ ነው፤ የተናቀ ሰው ሥቃይ ከሒሳብ እንዳይወጣ አድርጓልና።

ቆጠራውን በእርስዎ ጉዳይ ላይ ብንሞክረው የመጀመሪያው ድምር ወደ እርስዎ ያደላል። ባላቸውን ያጡት እናት ከዕዳም ከኀፍረትም ድነዋል፤ የወጣው ገንዘብ ግን በእድርተኛው ሁሉ ላይ ሲከፋፈል ማንንም አላስራበም። ይሁንና ቤንታም ራሱ «ይህ ሥራ ሌላ ምን ይወልዳል?» ብለን እንድንጠይቅ አዝዟል። እድርን ያቆመው በሣጥኑ ውስጥ ያለው ገንዘብ ብቻ አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ባቄላው የተመታበት ገበሬም ሆነ በቀን ሥራ የሚያድረው ሰው ከጉሮሮው ቀንሶ የሚያዋጣው፣ ነገ በእርሱ ቤት ሐዘን ሲገባ መዝገቡ እንደማይዋሽበት ስለሚያምን ነው። ያ እምነት ከተናጋ አስቀድመው የሚጎዱት ደካሞቹ ናቸው፤ ባለ ሀብቱ ያለ እድርም ወገኑን መቅበር ይችላል። ደግሞስ ከዚህ ቀደም በዚሁ ደንብ ተከልክሎ ያለቀሰ ሌላ ቤተሰብ ቢኖር፣ የእርሱ ሥቃይ በየትኛው ዓምድ ይገባል?

ከቤንታም በኋላ የተነሣው ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1861 ባሳተማቸው ተከታታይ ጽሑፎች ይህን ሐሳብ አበሰለው። ሰው በእያንዳንዱ አጋጣሚ ከባዶ ተነሥቶ እንዲያሰላ አይጠበቅበትም፤ የሰው ልጅ የትኛው ሥራ ወደ ጥቅም፣ የትኛው ወደ ጉዳት እንደሚያደርስ በረጅም ዘመን ልምድ ተምሯል፤ እውነትን መናገርን የመሳሰሉት ደንቦችም የዚያ ልምድ ፍሬዎች ናቸው። ከእነዚህ ሊቃውንት በኋላ ከመጡት መካከልም እያንዳንዱን ሥራ ለብቻው መመዘን ትተው፣ «ይህ ደንብ በሁሉም ዘንድ ቢጠበቅ የሚያስገኘው ውጤት ምንድን ነው?» ብለው ደንቡን የሚመዝኑ አሉ። በእነርሱ ሚዛን «ጸሐፊ ያዘነለትን ሰው መዝገብ ይሙላ» የሚል ደንብ ከአንድ ዓመት በላይ እድር የሚያቆም አይመስልም። እንግዲህ በዚያው በውጤት ተመልካቾች ቤት ውስጥ እንኳ ስለ እርስዎ ሁለት ፍርድ አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እወዳለሁ። በካምብሪጅ ያስተምር የነበረው ሄንሪ ሲጅዊክ እ.ኤ.አ. በ1874 ባወጣው መጽሐፉ፣ ውጤትን ብቻ የሚመለከት ሰው አንድ የሚከብድ ነገር መቀበል እንዳለበት በቅንነት ጻፈ፤ ይኸውም በግልጽ ቢደረግ ስሕተት የሚሆን ሥራ ማንም ሳያውቀው ቢደረግ ትክክል ሊሆን እንደሚችል ነው። ሲጅዊክ ይህን ያለው አስተምህሮውን ሊያፈርስ ብሎ አይደለም፤ እርሱ ራሱ ከአስተምህሮው ደጋፊዎች አንዱ ነበርና። ሆኖም የእርስዎ ጉዳይ ያረፈው በትክክል እዚህ ላይ ነው። የሥራዎ መልካም ውጤት በሙሉ የቆመው ሌሎቹ እድርተኞች ባለማወቃቸው ላይ ነው፤ ባወቁ ጊዜ ውጤቱ ይለወጣል። የራሳቸውን ገንዘብ በሚመለከት ጉዳይ ሰዎች ሳያውቁ በመቅረታቸው ብቻ ትክክል የሚሆን ሥራ እኔን ያስፈራኛል፤ ምክንያቱም ከእርስዎ ያነሰ ቅንነት ያለው ሰውም በዚያው ክርክር ሊጠለል ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ የኢማኑኤል ካንት ነው። ካንት (1724–1804) ዕድሜውን ከሞላ ጎደል በሙሉ በፕሩሲያዋ ኬኒግስበርግ አሳልፎ፣ ፍልስፍናን በዚያው ያስተማረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1785 ባወጣው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ሰው ከመሥራቱ በፊት ሊጠይቀው የሚገባውን ጥያቄ እንዲህ አስቀመጠ፤ የምሠራበት መርሕ ለሁሉም ሰው ሕግ እንዲሆን ልፈቅድ እችላለሁን? የእርስዎን መርሕ በቅንነት ብንጽፈው፣ «በአደራ የተረከብኩትን መዝገብ፣ ያሳዘነኝን ሰው ለመርዳት ስል፣ እውነት ያልሆነ ነገር እጽፍበታለሁ» የሚል ይሆናል። ይህ የጸሐፊዎች ሁሉ ሕግ ቢሆን መዝገብን የሚያምን አይኖርም፤ የሚያምነው ከሌለ ደግሞ በመዝገቡ ሐሰት መጻፍ ራሱ ማንንም ሊረዳ አይችልም። መርሑ የሚሠራው ሌሎች እስካልተከተሉት ድረስ ብቻ ነው ማለት ነው፤ ካንትም የሚኮንነው ራስን ከሁሉ የተለየ አድርጎ መቁጠሩን ነው።

ካንት ሌላም ነገር ብሏል፤ ሰውን ሁልጊዜ እንደ ዓላማ እንጂ ፈጽሞ እንደ መሣሪያ ብቻ አድርገህ አትያዝ። እድርተኞቹ ገንዘባቸው ለዚህ በጎ ሥራ ሲውል ፈቃዳቸውን አልተጠየቁም፤ ቢጠየቁ ኖሮ ምናልባት በደስታ ይስማሙ ነበር። የተወሰደባቸው ከገንዘቡ ይልቅ ርኅሩኅ የመሆን ዕድላቸው ነው ብል አላጋነንኩም። ካንት ጨካኝ እንደ ሆነ አድርገው የሚያወሩ አሉ፤ እርሱ ግን የተቸገረውን መርዳትንም ግዴታ አድርጎ አስተምሯል። ሲያስተምር ታዲያ እርዳታው የሌላውን መብት በመድፈር እንዳይፈጸም ይጠነቀቃል።

የካንትን ድካም ደግሞ መሸሸግ አይገባኝም። እ.ኤ.አ. በ1797 ለቤንጃሚን ኮንስታንት ተቃውሞ መልስ ሲሰጥ፣ ነፍሰ ገዳይ ወዳጅህን እያሳደደ መጥቶ «ቤትህ ገብቷል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅህ ለእርሱም ቢሆን መዋሸት አይገባም እስከ ማለት ደረሰ። በዚህ ነጥብ ካንትን ከሚያከብሩት ፈላስፎች መካከል እንኳ ብዙዎቹ አልተከተሉትም፤ እኔም አልከተለውም። ነገር ግን የእርስዎ ጉዳይ ከዚያ ጋር አይመሳሰልም። በበርዎ የቆመ ነፍሰ ገዳይ አልነበረም፤ የነበሩት ሊጠየቁ የሚችሉ ጎረቤቶች ናቸው።

ሦስተኛው መንገድ ከሁለቱም በዕድሜ እጅግ ይቀድማል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው አሪስቶትል የልጁም የአባቱም ስም በነበረው በኒኮማኮስ በሚታወቀው የሥነ ምግባር መጽሐፉ፣ ስለ ትክክለኛው ሥራ ከመጠየቅ አስቀድሞ ስለ መልካሙ ሰው ይጠይቃል። መልካምነት በሁለት ጥፋቶች መካከል ያለ ልክ ነው፤ ድፍረት ከፈሪነትና ከእብሪት መካከል እንደ ሆነ፣ ለጋስነትም ከንፍገትና ከብክነት መካከል ነው። ለጋሱ ሰው ለሚገባው ሰው፣ በሚገባው መጠንና ጊዜ ይሰጣል። አሪስቶትል ከዚህ ጋር አያይዞ የሚጨምረው ነገር አንባቢ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል፤ ለጋስ ሰው ከማይገባው ቦታ አይወስድም፤ ሌሎችን የሚረዳበት ስለ ሆነም የራሱን ገንዘብ ቸል አይልም። እርስዎ ለጋስ ሆነዋል፤ የለገሱት ግን ከሌሎች ኪስ ነው።

በዚያው መጽሐፍ በአምስተኛው ክፍል ደግሞ ለእርስዎ የሚከራከር ትምህርት አለ። ሕግ፣ ይላል አሪስቶትል፣ በጠቅላላው ስለሚደነገግ በአንዳንድ አጋጣሚ ይጎድላል። በዚያ ጊዜ ቅን ፈራጅ ጉድለቱን፣ ሕግ አውጪው ራሱ በቦታው ቢኖር ኖሮ በሚለው መንገድ ያቃናዋል። የሌስቦስ ግንበኞች ከድንጋዩ ቅርጽ ጋር እየተጣጠፈ የሚለካ የእርሳስ ማስመሪያ እንደ ነበራቸው ያነሣል። የእድራችሁን ደንብ የጻፉት ሰዎች «መዋጮ ያላስገባ» ሲሉ በዓይናቸው የነበረው ቸልተኛው አባል እንጂ የታመመ ባሏን ስታስታምም የደኸየችው እናት እንዳልነበረች መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ እድሩ ሊከፍላቸው ይገባ ነበር ያለው ልብዎ ልክ ነው፤ ይህን ሳልሸራርፍ እናገራለሁ። ሆኖም አሪስቶትል የሚናገረው ሕግ አውጪው በቦታው ስለሌለበት ጉዳይ ነው። የእናንተ ሕግ አውጪ በሕይወት አለ፤ በየወሩ ይሰበሰባል፤ ሰብሳቢው በዚያው ሰፈር ይኖራል። በቦታው ያለን ሕግ አውጪ ሳይጠይቁ እርሱን ሆኖ መወሰን ደንብን ማቃናት አይባልም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ፣ አንድ ሥራ በአንድ ጊዜ ትክክልም ስሕተትም እንዴት ይሆናል ወደሚለው፣ እንመለስ። ከሁሉ የተሻለ መልስ የሰጠበት የሚመስለኝ ዊልያም ዴቪድ ሮስ የተባለው ፈላስፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ግዴታዎቻችን ወደ አንድ መርሕ ሊጠቃለሉ እንደማይችሉ አሳየ። ቃልን መጠበቅ፣ የበደሉትን መካስ፣ ውለታን መመለስ፣ ፍትሕ፣ ለሌሎች በጎ ማድረግ፣ ራስን ማሻሻልና ማንንም አለመጉዳት እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ችለው ያስገድዱናል። ሲጋጩ የትኛው እንደሚበልጥ የሚነግር ቀመር የለም፤ ጉዳዩን ከሁሉም ወገን አይቶ መፍረድ ያስፈልጋል። የተሸነፈው ግዴታ ደግሞ ተሸነፈ ተብሎ አይጠፋም፤ የሚያስከትለው ነገር አለ። እንዲህ ስናየው ሥራዎ በበጎ አድራጊነት በኩል ትክክል፣ በታማኝነትና በፍትሕ በኩል ስሕተት መሆኑ እርስ በርሱ የሚቃረን ነገር አይሆንም። ጠቅላላውን ስንመዝነው ግን፣ ሁለቱንም ግዴታዎች የሚያሟላ ሌላ መንገድ ክፍት ስለ ነበረ፣ የእኔ ፍርድ ተሳስተዋል የሚል ነው። ኮሚቴውን ለአስቸኳይ ስብሰባ መጥራት፣ የጎደለውን ከራስዎ ኪስ ሞልቶ በስምዎ ማስመዝገብ ወይም ከወዳጆች ማሰባሰብ ይቻል ነበር። በሐዘን ቀን ሁሉም ነገር በጥድፊያ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ጥድፊያው ጥፋትዎን ያቀልለዋል እንጂ አያነሣውም።

ስለዚህ የምመክርዎት ይህን ነው። ለሰብሳቢውና ለገንዘብ ያዡ እውነቱን ራስዎ ይንገሩ። የጎደለውን መዋጮ ቀስ በቀስም ቢሆን እርስዎ እንደሚተኩ ይግለጹ፤ ከእናቲቱ አንዳች ነገር እንዳይጠየቅም አጥብቀው ይሟገቱ፤ እርሳቸው አልዋሹምና። ምናልባት ጸሐፊነቱን ይለቁ ይሆናል፤ ያንን መቀበል የካሣው አካል ነው። ከዚያም በጠቅላላ ስብሰባ፣ የማንንም ስም ሳያነሡ፣ በቤቱ የታመመ ያለበት አባል ለጊዜው ከመዋጮ ነጻ የሚሆንበት አንቀጽ በደንቡ እንዲገባ ሐሳብ ያቅርቡ።

ጥያቄ፦ በሸዋ ሮቢት ማሾና ሽንኩርት ገዝቼ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። በሚዛን አጭበርብሬ አላውቅም። በቅርቡ ግን ልጄ፣ «አባዬ፣ አንተ የማታጭበረብረው ደንበኛ እንዳይሸሽህ ብለህ ነው እንጂ ለእውነት ብለህ አይደለም» አለኝ። ዋሽቷል ልለው አልቻልኩም፤ ቀድሞ የሚታየኝ በእርግጥ ደንበኛዬ ነው። ታዲያ ሥራዬ እንደ መልካም ሥራ አይቆጠርልኝም?

መልስ፦ ልጅዎ ያነሣው ነጥብ ካንት ከላይ በጠቀስነው የ1785 መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ያነሣው ነው። ካንት የሚናገርለት ባለ ሱቅ ለማንም በአንድ ዋጋ ይሸጣል፤ ሕፃን ልጅ እንኳ መጥቶ ቢገዛው እንደ ማንኛውም ሰው በልኩ ያገኛል። ሰዎች በታማኝነት ተገልግለዋል። ነገር ግን ባለ ሱቁ ይህን ያደረገው ለራሱ ጥቅም ብሎ ከሆነ፣ ሥራው ከግዴታ ጋር የተስማማ ነው እንጂ ከግዴታ የመነጨ አይደለም፤ ስለዚህም የተለየ የሥነ ምግባር ዋጋ የለውም ይላል። ልብ ይበሉ፤ ካንት ባለ ሱቁን አጥፍቷል አላለም። ሥራው ትክክል ነው፤ የሚያስመሰግነው ነገር ግን ገና አልታየም።

ሚል በዚህ ነጥብ ለእርስዎ ይቆማል። ሰው ከውኃ ሙላት የሰመጠን ሰው ቢያወጣ፣ ያወጣው ስለ ግዴታው ይሁን ወይም እከፈላለሁ ብሎ፣ ሥራው ትክክል ነው፤ አነሣሡ የሚነግረን ስለ ሰውየው ማንነት እንጂ ስለ ሥራው ትክክለኛነት አይደለም ብሏል። ኪሎው ሳይጎድል ወደ ቤቷ የገባች ሸማች በእርስዎ ልብ ውስጥ የነበረው ምንም ይሁን ምን አልተበደለችም።

እኔን ይበልጥ የሚያረካኝ የአሪስቶትል አነጋገር ነው። ሰው ፍትሐዊ የሚሆነው የፍትሕ ሥራ እየሠራ ነው፤ ልማዱ እየጸና ሲሄድ ባሕርይ ይሆናል። በፍጹም ፍትሐዊ የሚባለው ግን እያወቀ፣ ሥራውን ስለ ሥራው ብሎ መርጦና በማይናወጥ ጽናት የሚሠራው ነው። እርስዎ በረጅም ዘመን ልማድ ምን ያህል ርቀት እንደ ሄዱ የሚያውቁት ራስዎ ብቻ ነዎት፤ የሚታወቅበት ቦታ ግን አለ። በከተማችሁ የሚያልፈው የአዲስ አበባና የደሴ መንገድ ነው፤ ከአውቶቡስ ወርዶ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ገዝቶ የሚሄደው መንገደኛ ተመልሶ ላይመጣ ይችላል፤ ቢጎድልበትም ወደ እርስዎ የሚመለስ ስሞታ የለም። ለእርሱ የሚመዝኑት ለሰፈር ደንበኛዎ እንደሚመዝኑት ከሆነ፣ ደንበኛ እንዳይሸሽ ከሚለው ሌላ ምክንያት በውስጥዎ አለ ማለት ነው፤ ልብ ሳይሉት ኖረው ይሆናል። ለልጅዎ በቃል ከመመለስ ይልቅ አንድ የገበያ ቀን ሚዛኑ አጠገብ አስቀምጠው ያሳዩት።

በአንድ ነገር ግን ልጅዎን እደግፋለሁ። ጥቅምና ታማኝነት አብረው እስከሄዱ ድረስ የትኛው እንደሚመራን አይታወቅም፤ ማሾ ተወዶ፣ ገበሬው ግን የዕለቱን ዋጋ ሳይሰማ ጭኖ የመጣ ቀን ሁለቱ ይለያያሉ። በዚያን ቀን ለሻጩ የገበያውን ዋጋ መንገር ከሚዛን ታማኝነት ይበልጥ ይከብዳል፤ የልጅዎም ጥያቄ ሙሉ መልስ የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ የመሐል ሜዳ ልጅ ስሆን ተማሪ ነኝ። የመንዝ አባቶች የጓሳን ሣር በቄሮ፣ ማለትም ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ በሚጠብቀው ነባር ሥርዓት፣ ጠብቀው አቆይተውልናል። ይህ ለእኛ ትክክል ነው፤ ሌላው ሕዝብ ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። ታዲያ ትክክልና ስሕተት የየሕዝቡ ስምምነት ነው ብንል ምን ስሕተት አለው? እነዚያ ሁሉ የውጭ ፈላስፎችስ ለእኛ ምን ያደርጉልናል?

መልስ፦ ልማዶች እንደሚለያዩ ማንም አይክድም። ከዚህ ተነሥቶ እያንዳንዱ ልማድ ለባለቤቱ ትክክል ነው ወደሚል ድምዳሜ ለመድረስ ግን ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። በልዩነቱ ሥር ብዙ ጊዜ አንድ ሐሳብ ይገኛል፤ መንዝ ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ፣ ሲያድግ ለባለ መብቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይከፍት ነበር፤ የቦረና አርብቶ አደር የጉድጓዱን ውኃ በተራ ያጠጣል። ሥርዓቱ ተለያየ፤ አንዱ ጉልበተኛ የሁሉን እንዳይጨርሰው የሚለው ስጋት ግን አንድ ነው።

ቄሮን ራሱን እንመልከት። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለሌላም የሚፈለግ በመሆኑ፣ የተመረጡ አለቆች እየጠበቁት፣ በተዘጋበት ዘመን ያጨደውን ሰው ማኅበረሰቡ ይቀጣ ነበር። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ዛሬ በጓሳ መታየታቸው ለዚህ ጥበቃ ትልቅ ምስክር ነው። በሌላ በኩል የመጠቀም መብቱ የተያዘው አስቦና ጌራ ከተባሉት አባቶች በተወለዱት ነበር፤ በአጠገቡ እየኖረ ዘሩ ከእነርሱ የማይመዘዝ ሰው ድርሻ አልነበረውም። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ቄሮ ፈረሰ፤ ሣሩም ለጉዳት ተጋለጠ፤ በኋላም ነዋሪው ጥበቃውን በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ በሌላ መልክ መልሶ አቆመው። እንግዲህ ትክክል ማለት የተስማማንበት ብቻ ከሆነ፣ በቄሮ ዘመን «እኔም ጎረቤት ነኝ፤ ለምን እከለከላለሁ?» ብሎ የጠየቀ ሰው በትርጉም ብቻ ተሳስቷል ማለት ነው፤ ጥያቄው ምንም ያህል ምክንያታዊ ቢሆን ሊሰማ አይችልም። ይህ ሊሆን የሚገባው አይመስለኝም። የቄሮን በጎነት የምናደንቀው የእኛ በመሆኑ ብቻ ቢሆን ጉድለቱን የምናይበት ዓይን አይኖረንም ነበር፤ የምናደንቀው በሚሰጠው ምክንያት ከሆነ ግን ያው ምክንያት ጉድለቱንም ያሳየናል።

ፈላስፎቹ የውጭ ናቸው ስላሉት፣ ይህ ጥያቄ በግዕዝም ተጽፏል። የዘርአ ያዕቆብ ሐተታ እንደሚናገረው፣ ጸሐፊው በ1599 እ.ኤ.አ. በአክሱም አቅራቢያ ተወልዶ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በዋሻ ተሸሽጎ፣ በኋላም በእንፍራንዝ ኖሮ ሐሳቡን በ1667 እ.ኤ.አ. ጽፏል። ይህ ሰው ደብረ ብርሃንን ከቆረቆሩት ከ15ኛው ምዕተ ዓመቱ ንጉሥ ከዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ጋር በስም እንጂ በሌላ አይገናኝም። ጣሊያናዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 መጽሐፉን የደረሰው በ19ኛው ምዕተ ዓመት በኢትዮጵያ የነበረው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሎ ከጻፈ ወዲህ በሊቃውንቱ መካከል ያለው ክርክር አልተዘጋም፤ ክሎድ ሰምነርን የመሰሉ ደግሞ ለዘርአ ያዕቆብ ተሟግተዋል። የጸሐፊው ማንነት ምንም ይሁን ምን፣ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ሙግት ለእርስዎ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ነው። ሁሉም ሰው «የእኔ ሃይማኖት ትክክል ነው» ይላል፤ እርስ በርሱ የሚቃረን ነገር ሁሉ እውነት ሊሆን አይችልምና ማን ይፍረድ? ሐተታው ፍርዱን የሚሰጠው ፈጣሪ በሰው ሁሉ ልብ ላኖረው የልቡና ብርሃን ነው፤ በዚያ ብርሃንም በዙሪያው የነበሩትን ልማዶች፣ የገዛ ወገኖቹን ጭምር፣ መርምሮ የከፋውን ከፋ ይላል።

ስለዚህ ከጓደኞችዎ ጋር ስለ ጓሳ ሲከራከሩ «የአባቶቻችን ሥርዓት ነው» በሚለው አይቁሙ። ሣሩ በተዘጋባቸው ዓመታት ክዳኑ አርጅቶ ቤቱ የሚያፈስበት ሰው ምን ይደረግለት እንደ ነበር፣ መብት ያልነበረው ጎረቤትስ ሣር ከየት ያገኝ እንደ ነበር በአካባቢዎ ያሉትን አረጋውያን ይጠይቁ፤ የሚነግሩዎትንም ጽፈው ቢልኩልን በደስታ እናትመዋለን።